ካዮቲዋን ያባረርኩበት ጠዋት

ለውድ ወንድሜ ለሮይስ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ጉልበትህስ ተሻለህ? ጁዲት ደህና ናት? ልጃችሁ ቴስ አሁንም ዓሣ ማስገሪያው ጀልባ ላይ ካልወጣሁ እያለች ታስቸግርሃለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ግን ለምዶብኝ ነው እንጂ፣ እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ ባለቤቴ ቨርን ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል።

«ለምስጋና በዓል ልምጣ ወይ?» ብለህ ከጻፍክልኝ ሰነበተ። ዝም ያልኩህ አኩርፌ እንዳይመስልህ። ትመጣለህ፣ ከዚያ ደግሞ ትሄዳለህ። ከሄድክ በኋላ የሚመጣውን ጭርታ ሳስበው ብዕሩን መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሴፕቴምበር ሲገባ እንደ ልማዳችን ፓርኩ ሄጄ ድንኳን ተከልኩ። አዎ፣ ብቻዬን። ያው አባባ እኔንና አንተን ይወስደን የነበረበት ወንዝ ዳር ነው። ድንኳኑ የሁለት ሰው ስለሆነ የቨርንን ቦታ በጫማና በቦርሳ ሞላሁት፤ ባዶውን ማየት አልፈለግሁም። ጠዋት የአሳማ ሥጋ ስጠብስ ግን እጄ እንደለመደው ለሁለት ሰው ጠብሶ ቁጭ። የእሱን ድርሻ ሳህን ላይ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። አውሬ እንዳይደርስበት ምግብ የብረት ሳጥኑ ውስጥ ይቆለፍ እያልኩ ዕድሜ ልኬን ሰው ስጨቀጭቅ የኖርኩት ሴትዮ እኮ ነኝ።

ስመለስ ሁለት ካዮቲዎች፣ እነዚያ ቀበሮ መሳዮች፣ ሣሩ ውስጥ ቆመዋል። ወንዱ ሲያየኝ እብስ አለ። ሴቷ ግን አልሄደችም። ከሲታ ናት፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የለም። ጠረጴዛው አጠገብ መጥታ እንደ ቤት ውሻ ቁጢጥ አለችና ታየኝ ጀመር። ሮይስ፣ ከቀብሩ ወዲህ ሳልጠራው መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ ፍጡር እሷ ብቻ ናት። «እንደምን አደርሽ፣ እመቤት» አልኳት። አላፈርኩም። አንድ ቁራጭ ሥጋ አንስቼ ልወረውርላት እጄን ዘረጋሁ።

እዚያው ላይ የአባባ ነገር ትዝ አለኝ። ካዮቲ አንዴ ከሰው እጅ ከቀመሰ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ ይለምናል፣ አንድ ቀን ልጅ ይነክሳል፣ መጨረሻው የፓርኩ ጠባቂዎች ጥይት ነው ይለን አልነበር? እኔ የአንድ ጠዋት ጓደኛ ላግኝ ብዬ እሷ ትሙት? መጥበሻውን አንስቼ በጭልፋ እየደበደብኩ «ሂጂ፣ ጥፊ ከዚህ» ብዬ ጮህኩባት። ዘላ ሸሸች። ኮረብታው ጫፍ ላይ ስትደርስ አንዴ ዞራ አየችኝና ተሰወረች። እኔ ግን መደብደቤን አላቆምኩም። እያለቀስኩ ነበር።

አጠገቤ የሰፈሩ ኦርቫል የሚባሉ የአይዳሆ ሽማግሌ ገበሬ በሌሊት ልብሳቸው ብቅ ብለው፣ «ምነው ሴትዮ፣ የማን ሠርግ ነው?» አሉኝ። እንባዬን ሲያዩ ደንገጥ አሉና ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጡ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እንግዲህ እሷን ነፍገሻታል፣ እኔን ካልነፈግሽኝ» ብለው የቨርንን ድርሻ ጥርግ አድርገው በሉት። ጨው በዝቶበታል ብለውም ወቀሱኝ።

እሷ ስትሄድ ቦታው ጭር አለ፣ አልዋሽህም። መጥበሻውን ሳጥብ፣ ባትመጣ ይሻለኝ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አይሻለኝም ነበር። ስለዚህ ና። እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ና።

ጁዲትን በእኔ ስም እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ቴስን፣ አክስትሽ የሹራብሽን አንድ እጅጌ ጨርሳለች፣ ሌላው እጅሽ ትንሽ ይታገሥ በላት። ለአማትህ ለወይዘሮ ሃልቨርሰን የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለዚያ ለሚቧጭረው ድመታችሁም ቢሆን ሰላም በልልኝ።

መጥበሻውን ደብቄ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ ኔልዳ
ሊቪንግስተን፣ ሞንታና
ኦክቶበር 4 ቀን 1998