ሰው እየሸመነበት ያለ ድር

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ለተቀየምኩህ ወንድሜ ለኪሩ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ናይሮቢ ተስማማህ? ያ ጨጓራህስ ተወህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናፍቆቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ንዴት ነው። ብደውል እጮህብሃለሁ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

የአባባን ጥለቶች በኮምፒውተር የምታወጣዋን የኔን ፕሮግራም ጨርሼ፣ ማንም አውርዶ እንዲጭናት በፓኬጅ አሰናድቻት ነበር። ቀለሞቹን የምትወስደው አንተ ከጻፍከው ፓኬጅ እንደሆነ ታውቃለህ። የሸማኔዎቹ ማኅበር ሊያያት ቀጠረን፤ ከወደዷት የአባባ ጥለት በስሙ ለአባላቱ ሁሉ ሊደርስ ነው። ዓይኑ ደክሞ ሽመና ካቆመ ወዲህ የቀረው ተስፋ ይኸው ነበር። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከሁሉም ቀድሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ኖህ ፓኬጇን ሲጭናት ግን ቀይ የስህተት ጽሑፍ ብቻ ተደረደረ። እኔ ጋ እኮ ትሠራለች ብዬ ብከራከር ማን ሊሰማኝ። ቤት ገብቼ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ስጭን ጉዱ ታየኝ። እኔ ጋ ያለው የድሮው ፓኬጅህ ነው፤ የነሱ ኮምፒውተር ያወረደው ግን በቅርቡ ያወጣኸውን አዲሱን። እሱ ላይ ደግሞ የኔዋ የምትጠራውን ትእዛዝ ስሙን ቀይረኸዋል፤ ፈልጋ አጣችው። እህትህ እንደምትጠቀምበት እያወቅክ አንዲት መልእክት መላክ ምን ይከብድሃል?

ይበልጥ የሚያበግነኝ ምን መሰለህ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ፓኬጆች በሙሉ አዲስ ቢወጣም ከዚህ የእትም ቁጥር አይለፉ ብዬ ወስኛቸዋለሁ። ያንተን ብቻ ክፍት ተውኩት፤ በወንድም ላይ እንዴት ገደብ ይጻፋል ብዬ። አሁን ባንተም ላይ ገደቡን ጽፌዋለሁ፣ ትሠራለች። ድር ቢያብር ምናምን ብለህ እንዳታባብለኝ። አባባ ነገሩን ሳስረዳው፣ "ሰው እየሸመነበት ያለ ድር አይነካም፤ የሚነካም አስፈቅዶ ነው" አለኝ።

በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኢሳይያስ ችግሩ ምን ነበር ብለው ሲጠይቁን፣ አባባ ቀደመኝና መብራት ነው አለ። ልጄ ነው ላለማለት። መብራት እንዳልጠፋ እኮ ሁሉም አይቷል። አንድም ሰው አልተከራከረውም፤ ሌላ ቀን ቀጠሩልን። እኔ ግን አባባ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ላንተ ሲል።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፣ ብርድ እንዳይመታህ ትላለች። ጎረቤታችን ሰርኬ ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። አባባም ሰላም በይልኝ፣ ደግሞ እንዳትቆጪው ብሎኛል። ሰላምታውን አድርሻለሁ።

እህትህ ሳምሪ
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.