ያሰርኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ወራቤ፣ ለአባቴ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባቴ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ከመስጊድ ሲመለሱ አሁንም መንገድ ላይ ያስቆምዎታል? ዓይንዎስ? ጠብታውን እናቴ በጊዜው ታደርግልዎታለች ወይስ እንደ ልማድዎ ነገ እያሉ ያሳልፏታል? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? ጓሮው፣ በርበሬው፣ ያቺ ተዋጊ ላም እንዴት ሆኑ? እኔ አልሐምዱሊላህ በአካሌ ደህና ነኝ። በአካሌ ያልኩት አስቤበት ነው።

ይህን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስደውል እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ቤቱን ሁሉ ታሰማለች፣ ታናሼ ታጁ ከጎን ሆኖ ይቀልዳል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ነገሩን ሳልነግርዎ ስልኩ ይዘጋል። አሁን ግን መቆየት አልችልም። የሰፈራችን ሹፌር ሙጂብ ጭነቱን ቶጎ ውጫሌ ድንበር አራግፎ ሊጠይቀኝ እስከ ሐርጌሳ መጥቶ ነበር። ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ሲበላ ስለ እኔ የሚወራውን ሰማ። ሲያገኘኝ ሰላምታው አጠረ፤ ሲያወራኝ ጫማውን ነበር የሚያየው። ይህን ደብዳቤ የምልከው በእሱው እጅ ነው። ወሬውም ደብዳቤውም በአንድ መኪና ይመጡልዎታል፤ እባክዎ ደብዳቤውን ያስቀድሙ።

ከሶላር ሱቁ ወጥቼ ሌላ ሥራ መያዜን ነግሬዎት ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላስረዳሁዎትም። እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው። ኤዶ ዛምዛም የሚባሉ ሴት አሉ፤ ኤዶ እዚህ አክስት እንደማለት ነው። ብዙ ዘመን አውሮፓ ኖረው፣ ሀገራቸው ሰላም አግኝቶ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲሠራ እሳቸውም ተመልሰው መጡ። ሲመጡ ቤት የሆነ መኪና በመርከብ አስጭነው መጡ። ቤት ስልዎት ቤት ነው፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው፣ መጋረጃ እንኳ አለው። ከኋላው መስቀያ ተገጥሞለት ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ይጫኑበታል። እንግዶችን ወደ ላስጌል የድንጋይ ሥዕሎች፣ ወደ ሼክ ተራራ ይወስዳሉ፤ መኪናው መንገዱ እስከሚችለው ይሄድና ከዚያ ወዲያ እንግዶቹ በብስክሌት ይቀጥላሉ። እዚህ ድሮ ዘላኑ ቤቱን አፍርሶ ግመል ላይ ጭኖ ነበር የሚጓዘው። አሁን የሰፈሩ ሰው መኪናውን ሲያይ፣ ግመሉ የት ሄዶ ነው ቤቱ ብቻውን የመጣው እያለ ይቀልዳል።

የእኔ ሥራ ብስክሌቶቹ ናቸው። ባትሪያቸውን መሙላት፣ ፍሬናቸውን ማየት፣ መስቀያው ላይ መጫንና ማሰር። ከጉዞ በፊት ባትሪዎቹን ነቅዬ ወደ ውስጥ አስገባለሁ፤ መስቀያው ላይ ክብደት ይቀንሳል፣ አቧራም አይገባባቸውም። ቁልፎቻቸው አንገቴ ላይ ነው የሚውሉት። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ያስተማረኝን፣ ማሰሩን ደግሞ እርስዎ ያስተማሩኝን ይዤ ነው የሠራሁት። ልጅ ሆኜ አይሱዙ የጭነት መኪናዎ ላይ ወጥቼ ሸራውን ስወጥር ያሉኝን አልረሳሁም፤ ጭነት አይጠየቅም፣ ይታያል ብለውኝ ነበር። ረዳትዎ ደህና ነው ቢልዎትም ሳይዞሩ ተነስተው አያውቁም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። እንግዶች ይዘን ወደ በርበራ ስንወርድ ዳዓርቡዱቅ የምትባል መንደር ላይ ለምሳ ቆምን። መኪናውን የሚነዳው የኤዶ ዛምዛም የወንድም ልጅ ሀይቤ ነው፤ ውጭ ሀገር ያደገ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉም ፈጣን። እኔን ኢንጂነሯ እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ማሾፉን እንዳላውቅ አድርጌ እመልስለታለሁ። እኔ ዙህር ልሰግድ ሄድኩ። በዚያ መሃል እሱ አንዱን ብስክሌት አውርዶ፣ ባትሪ ከውስጥ አውጥቶ፣ መጠባበቂያ ቁልፉን ከአክስቱ ሳጥን ወስዶ፣ ሻይ በሚጠጡት ሰዎች ፊት ሲጋልብ ቆይቷል። ከዚያ ብስክሌቱን ራሱ ሰቀለው፤ ቀበቶውን ጣል አደረገበት እንጂ አልቆለፈውም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰግጄ ስወጣ መኪናው ተነስቶ መንገድ ዳር ዞሮ ቆሟል፣ እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ኤዶ ዛምዛም ነይ ግቢ፣ ንፋሱ ሳይነሳ እንድረስ ይሉኛል። ብስክሌቶቹን የነካ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሀይቤ፣ ማን ይነካል፣ ኢንጂነሯ ያሰረችውን ማን ይፈታል አለ። ሁሉም ሳቁ። ገባሁ።

ጠየቅሁ እንጂ አላየሁም። አባቴ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለው ይቆጡኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ላይ ግን ቁጣዎን ለማን እንደሚያደርጉ እርስዎ ይፍረዱ።

መንገዱ ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ በተለዋጭ መንገድ፣ በጉድጓድና በኮረኮንች ነው የሚታለፈው። ከዳዓርቡዱቅ ብዙም ሳንርቅ መኪናው ሲዘል ብስክሌቱ ከኋላ ተወርውሮ ወጣ። መንገድ ዳር በእሾህ ዛፍ ጥላ የግመል ወተት የምትሸጥ ሳዶ የምትባል ሴት ነበረች። ክንዷን ሰበራት። ወርደን ስንደርስ ነጩ ወተት አሸዋው ላይ እየሰረገ፣ እሷ ክንዷን አቅፋ፣ ሳትጮህ ወተቷን ነበር የምታየው። በዚያው ቤት መኪና አልጋ ላይ አስተኝተን ሐርጌሳ ሐኪም ቤት አመጣናት። ጭንቅላቷን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ፣ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ለምን በቀን ይበራል ብላ ጠየቀችኝ፤ ተነስቼ አጠፋሁላት።

በዚህ ሀገር እንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ሳይቀመጥበት አይዘጋም። የተጎጂዋ ወገኖች ይመጣሉ፣ የጥፋተኛው ወገኖች ይመጣሉ፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም፣ የጎሳው ነው። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ ኤዶ ዛምዛም ወጥ ቤት ጠሩኝ። ሀይቤ አልቅሶ እውነቱን እንደነገራቸው አልደበቁኝም። ከዚያ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፤ ልጄ፣ የእኛ ወገንና የሳዶ ወገን በአንድ የውሃ ጉድጓድ የቆየ ቂም አለን፣ ገና መብረዱ ነው። ሀይቤ ነው ከተባለ ነገሩ ከክንድ አልፎ ጉድጓዱ ጋ ይደርሳል፣ ደም ይፈሳል። አንቺ ግን እዚህ ጎሳ የለሽም፤ ጎሳ በሌለው ሰው ላይ ነገር አይበቅልም። እኔ ልጄ ናት ብዬ እቆምልሻለሁ፣ ካሣውንም እኔ እችላለሁ፣ ለእርቁ ፋቲሃ ተቀርቶ ያልቃል።

ለክፋት ብለው አልነበረም፤ ጥፋቱም ይሄ ነው፤ በደል በደግ እጅ ሲሰጥዎ መወርወር ያስቸግራል። እኔን ያውቁኛል፤ አስተማሪ ያላግባብ ቢመታኝ ዱላውን ይዤ የማልለቅ ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ደም ይፈሳል የሚለው ቃል እጄን አሰረው። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ሽማግሌ፣ ብስክሌቱን ያሰረው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ቃሉ እውነት ነበር። የፈታው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልጨመርኩም። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ በእኛ ዘንድ ቤት ግመል ላይ የሚጭኑት ሴቶች ናቸው፤ የሐበሻ ሴቶችን ግን ማሰር አላስተማሯቸውም ለካ አሉ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሀይቤ በሩ ሥር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አባቴ፣ ያ ሳቅ የወረደው በእኔ ላይ ብቻ አይደለም፤ ያስተማረኝ ማን ሆነና። አንገቴን ደፋሁ፤ ፋቲሃ ተቀራ፤ አሚን አልኩ። ያንን አሚን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ወጣ። ገበያ ስገባ ፌስታልሽን በደንብ እሰሪው፣ ቲማቲሙ ሰው እንዳይሰብር የሚለኝ አይጠፋም። የእኛው ሰዎች ደግሞ ለእኛም ስም አሰጠችን ይላሉ። ሙጂብ የሰማው ይህን ነው።

ሳዶ ክንዷ እስኪድን መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ እህቷ ቤት ነው ያረፈችው። እኔም ሰፈሬ እዚያው ነው። ብዙ ቀን በበሯ አልፌ አልገባሁም። አንድ ቀን ግን ቴምርና ስኳር ይዤ ገባሁ፣ ብቻዋን ነበረች፣ በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትደሰታለች ብዬ ነበር፤ ወይም ትቆጣዋለች። የተቆጣችው ግን እኔን ነው። አንቺ ልጅ፣ አለችኝ፣ በፋቲሃው ቀን ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሌሊት በክንዴ ሕመም ስነቃ እንኳ ስምሽን ጠርቼ ይቅር እል ነበር። የሰበረኝ ሌላ፣ ይቅር ያልኩት ሌላ ከሆነ ይቅርታዬን ምን አደረግሽው? የት ጣልሽው?

እስከዚያች ሰዓት የተበደልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ የሚመስለኝ፤ ሀፍረቴም ለራሴ ስም ነበር። ለካ ሰላም አወረድኩ ብዬ የዚችን ሴት ይቅርታ ሰርቄያታለሁ። ለሽማግሌዎቹ ልናገር ወይ አልኳት። አይሆንም፣ ወንዶቹ ከሰሙ የጉድጓዱ ቂም ይነሳል አለችኝ። የሰበረኝን ሰው ግን አምጪልኝ፣ ፊቱን ልየው።

በነጋታው እንግዶች ሊመጡ ነበር። ኤዶ ዛምዛም ባትሪዎቹ ተሞልተዋል ወይ ሲሉኝ፣ ሞልተዋል፣ ቁልፎቹ ሁሉ ግን እኔ ዘንድ ናቸው፣ የመጠባበቂያውም ጭምር፤ ሀይቤ ሳዶ ጋ ሳይሄድ አይወጡም አልኳቸው። አንቺ ልጅ ነገር ልትቀሰቅሺ ነው ወይ አሉኝ። ነገሩን እሷና እሱ ብቻ ይወቁት፣ ያም ካልሆነ ቁልፎቹን ለእርስዎ ሰጥቼ ልሄድ፣ እናንተም ያለ እኔ እሰሩ አልኩ። ሀይቤ ከኋላ መጥቶ ቆሞ ነበር። እሄዳለሁ አለ። መንገድ ላይ ምንም አላሾፈም፤ አንዴ ብቻ፣ ማንም አልነካም ያልኩት ሁሉም እያዩኝ ስለነበር ነው አለኝ። እኔም ሁሉም እያዩኝ ነው ያሰርኩት እኔ ነኝ ያልኩት አልኩት።

ሳዶ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ገና ልጅ ነህ ለካ አለችው። ይቅር አለችው፤ ግን በነጻ አይደለም። ክንዷ እስኪድን ጠዋት ጠዋት ከመንደር በመኪና የሚመጣላትን የወተት ጀሪካን እያወረደ ገበያ ድረስ ይሸከምላታል። ውጭ ሀገር ያደገው ሀይቤ ጫማው ወተት በወተት ሆኖ ሲያልፍ ሰዎች ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ የአክስቴ እንግዳ ናት ይላል። እኔም ሥራዬን አልለቀቅኩም። አሁን መኪናው የሚነሳው እኔ ዞሬ ካየሁ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሞተር አይነሳም፣ ማንም ነይ ግቢ አይለኝም።

እንግዲህ አባቴ፣ የምለምንዎት ይህ ነው፣ ከባድም ነው። ሳዶ ታውቃለች፣ አሁን እርስዎም አወቁ። ከዚህ ውጭ ስሜ እንደቆሸሸ ይቆያል። ገበያ ሜዳ ላይ ወይ መስጊድ በር ላይ አንዱ መጥቶ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ ልጅዎ በስንፍናዋ ሰው ሰበረች አሉ ቢልዎት፣ እባክዎ አይመልሱለት። እውነቱን ከተናገሩ በሹፌሮች አፍ ተጭኖ ድንበሩን ተሻግሮ ይመለሳል፤ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ከደረሰ ሳዶ የፈራችው ይሆናል። ጭነት ማሰር አላስተማራትም ቢሉዎትም ይቻሉት። በሕይወትዎ አንድ ገመድ አላልተው የማያውቁ ሰው በእኔ ምክንያት እንዲህ ሲባሉ መስማት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፍሬ እጽፋለሁ፤ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት ይህን ከእኔ ጋር መሸከም የሚችሉት። ለእናቴ ከነገሯት ቀስ ብለው ይንገሯት፤ እሷ ዝም ማለት አትችልም፣ ያውቋታል።

እናቴን በሁለት እጄ ይቀፉልኝ፣ ደህና ነች፣ ትበላለች ይበሏት። ታጁን ሰላም ይበሉልኝ፤ ፈተናውን ሳያልፍ ሞተር ብስክሌት የሚባል ነገር እንዳያነሳ፣ እህትህ ስለ ሁለት ጎማ ከአንተ የበለጠ ታውቃለች ይበሉት። የእህቴ የሀሲና አራስነት እንዴት ነው? ሕፃኑን በግንባሩ ይሳሙልኝ፣ ስሙን በስልክ በትክክል አልሰማሁትም። ጎረቤታችንን እማማ ዘይነባን፣ ዱዓቸው እንዳይለየኝ ይበሏቸው።

ሙጂብ ይህን ሰጥቶዎት ደጅ ቆሞ ከሆነ ያስገቡት፣ ምሳ ሳይበላ እንዳይሄድ። እሱ ምንም አላጠፋም፤ የሰማውን ነው የተሸከመው። ሲነሳ ግን ጭነቱን ዞሮ ሳያይ እንዳይነሳ ይንገሩልኝ፤ ደህና ነው ቢልዎትም።

ልጅዎ ፈትሂያ

ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ
ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.