ያልቀመስኩት የሽምብራ ኩኪ

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

የፋርሶች አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው። እትዬ ፓሪ ሳሉ ችግር አልነበረም፤ እኔ በምሠራበት ሱቃቸው ጣፋጩን የሚቀምሱት እሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ የሉም። ባላቸው ጋሽ ባህማን ደግሞ ከታመሙ ወዲህ ምላሳቸው ጣዕም አይለይም።

ዛሬ የሽምብራ ኩኪውን ከኦቨን አውጥተው አንዱን ዘረጉልኝ። "ቅመሺልኝ ልጄ፣ የፓሪን ይመስላል?" ቅቤ አለበት። እንደምጾም ረስተውታል፤ ሐዘንተኛን ሰው "አልችልም" ማለት ከበደኝ። አሸተትኩት፣ ሄል ሄል አለኝ። "ቁርጥ የእትዬ ፓሪ ነው" አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በዚያው ዱቄት ሲጋግሩ ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ ከማውንትሌክ ቴራስ የምትመጣ የድሮ ደንበኛ አንዱን ነክሳ ሶፍት ውስጥ ተፋችው። ወደ እኔ ጠጋ ብላ "ዱቄቱ ከርሟል፣ ይመራል። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው" አለችኝና ምንም ሳትገዛ ወጣች። ጋሽ ባህማን ከጓዳ ሆነው "ወደደችው?" አሉ።

"በጣም" አልኩ።

ሶ አሁን መደርደሪያው ሙሉ ነው። ከነገ ወዲያ በዓላቸው ነው፤ ሰዉ የእትዬ ፓሪን እጅ ፍለጋ ይመጣል። ብነግራቸው ሚስታቸውን ዳግመኛ መቅበራቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ ሱቁን...

ቅቤ በአፌ አልዞረም። ውሸቴን ግን በበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ ይበላዋል።