ከይበልጣል ኮምፒውተር ላይ የነቀልሁት አረም

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊቱን አጠቆረብኝ። ድፍን ያለ ጥቁር፣ ከላዩ ላይ ሦስት መስመር ነጭ ጽሑፍ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ አለባቸው ግን የማታ ትምህርቱን በአንደኛነት የጨረስሁ ሰው ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ነበርን። ሦስቱ ያንቀላፋሉ፣ አንዱ ጆሮው አይሰማም። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁና የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ ወደ ደብተሬ ገለበጥሁት። ሦስቱ መስመር አንድ ሰዓት ፈጀ። አንድም አልሳትሁም። ምን እንደሚል ግን አላወቅሁም። እሱ ሌላ ትምህርት ነው።

አጥፍቼ አበራሁት። ያው። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ያው። ጎኑን መታ መታ አደረግሁት፤ ሬዲዮናችን በዚህ ይድን ነበር። ያው።

ኮምፒውተሩ የልጄ የይበልጣል ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ የሚያነሣበትና ማመልከቻ የሚጽፍበት ቤት ነበረው። በሆድ ሕመም ከሞተ የፊታችን እሑድ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ቤቱ ሲዘጋ ሌላው ዕቃ ተበተነ፤ ይኸን ግን ባለቤቴ ማንጠግቦሽ አላስነካም ብላ በባጃጅ ጭና አመጣችው። ማንጠግቦሽ ፊደል አትለይም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ታበራዋለች፤ ከላይ በግራ በኩል ያለችውን ምልክት ሁለት ጊዜ ትነካለች፤ የይበልጣል ድምፅ ይመጣል። ማይክሮፎን ሲሞክር የቀዳው ነው። እሷ አለችበት፣ እኔም አለሁበት። መጨረሻው ላይ «አባየ፣ ይኸን አንብብልኝ» ይለኛል። እኔ «መነጽሬን ረሳሁት» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ከዚያ ልጄ ይስቃል፣ ይስቃል፣ ይቋረጣል።

ስልኩ እሱ ሲሞት በለቅሶው ግርግር መሀል ጠፍቷል። የቀረን ድምፁ ይኸ ብቻ ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ የማታ ትምህርት የገባሁት በዚያ ሳቅ የተነሣ ነው።

ማንጠግቦሽ ለሙት ዓመቱ ዘመድ ልትጠራ ትናንት ከሰዓት ስማዳ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ሐሙስ ትመለሳለች። እሑድ ሰው ሲሰበሰብ ድምፁን ልታሰማ ነው ሐሳቧ።

ማን እንደነካው አይታወቅም። እርጅና ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሙሽራ አቅፌ፣ በባጃጅ ስንታየሁ ዘንድ ወሰድሁት። ስንታየሁ ከይበልጣል ጋር ትሠራ ነበር፤ አሁን የራሷን የጥገና ቤት ከፍታለች። ጋቢውን ስገልጥ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀችው።

«አያ አለባቸው፣ ምን ነክተው ነው?»

«እኔ? አቧራውን እንኳ በሩቁ ነው እፍ የምለው።»

ከፍታ አየችው። ኮምፒውተር ሲነሣ የሚጠራቸው ፋይሎች አሉ አለችኝ፤ ሲስተም ፋይል ይባላሉ። አንዳንዱ ተበላሽቷል፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለም። «ዲያቆን ቢቀር ቄሱ ብቻቸውን ይቀድሳሉ?» አለችኝ። አይቀድሱም አልሁ። «ይኸም እንደዚያው ነው። ዲያቆኖቹ ቀርተው ቆሟል።» ይኸን ለሰው ስናገር የራሴ አድርጌ ነው የምናገረው።

አንድ ትእዛዝ ጻፈችለት። እያንዳንዱን ፋይል እየጠራ፣ የታመመውን ያድናል ማለት ነው። ቁጥር እየቆጠረ ይሄዳል፤ መቶ ሲሞላ አለቀ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ ደጅ የቆሙ ሰዎችም እንዲሰሙ። አሥራ ሁለት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት።

«አያ፣ ይበቃል፤ ቆሟል» አለች።

የተበላሸ አግኝቻለሁ፣ ሁሉንም ግን ልጠግን አልቻልሁም ይላል አለችኝ። ከተጫነበት ከራሱ ዲስክ እየተቀዳ መተካት አለበት። ያረጀ ዓይነት ስለሆነ እሷ ዘንድ የለም። «ይበልጣል ዲስኩ ነበረው፤ ቤት ይፈልጉት» አለችኝ።

የት እንዳለ አውቃለሁ። አልነገርኋትም።

ለእሷ ያልነገርሁት ሌላም አለ። ትናንት ዋሽቻለሁ። ደብተሩ የራሴ፣ እስክሪብቶው የራሴ፣ የሚያነበው ሰው የለ፤ እንዲያም ሆኖ ዋሸሁ። የነካሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ማንጠግቦሽ እንደወጣች አበራሁት። እስኪ ልጄ የጻፈውን ላንብብ ብዬ። «ሠርግ» አነበብሁ። «ማመልከቻ» አነበብሁ። «የጥምቀት ፎቶ» አነበብሁ። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ አለፍ ስል በመቶ የሚቆጠር ነገር ተኮልኩሏል፤ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተዘበራረቀበት፣ ቢያዩት ቢያዩት ስም የማይሆን። መምህሩ ያስተማረንን ያህል አያይዤ አነበብሁት፤ ትርጉም የለውም። አረም ነው አልሁ። ልጄ ጊዜ አጥቶ ያላረመው ማሳ ነው፤ ለሙት ዓመቱ ላጽዳለት አልሁ።

ይበልጣል የማይፈልገውን ሲያጠፋ አጠገቡ ቆሜ ስላየሁ አሠራሩን አውቃለሁ። በአማርኛ የተጻፈውን ሁሉ ተውሁ። ሌላውን ነቀልሁ። አንዳንዱ እምቢ አለኝ፤ ሥሩ ጠልቋል ብዬ ተውሁት። የነቀልሁት እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ባለች የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተከምሮ አየሁት። አረም ነቅሎ ማሳ ዳር የሚተው ሰነፍ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነሣል። ቅርጫቱንም ደፋሁት።

ከሰዓት በሙሉ አረምሁ። ሲመሽ ወገቤን ሁሉ አመመኝ፤ ያውም ተቀምጬ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ዲስኩ የገብሱ ማሳ ውስጥ ነው።

አምና ገብሱ ሲያሽት ወፍ አስቸገረን። ከይበልጣል ዕቃ መሀል እነዚያን የሚያብረቀርቁ ክቦች አወጣሁና በክር አንጠልጥዬ በየእንጨቱ ሰቀልኋቸው። ነፋስ ሲያዞራቸው ፀሐይ ይረጫሉ፤ ወፍ ዝር አላለም። ጎረቤቱ ሁሉ አድንቆኝ ነበር። እኔም ብዙ አውርቼበት ነበር።

ዛሬ ሄጄ አወረድኋቸው። አራት ናቸው። ሦስቱ ባዶ ናቸው። አራተኛው ላይ በማይለቅ ቀለም የይበልጣል ጽሑፍ አለ። ቆሜ አነበብሁት፦ «የኮምፒውተሩ ዊንዶው። እንዳይጣል።»

ስሰቅለው ማንበብ አልችልም ነበር። ቀዳዳው ውስጥ ክር ሳስገባ አውራ ጣቴ ጽሑፉ ላይ ነበር ማለት ነው።

ለስንታየሁ ወሰድሁላት። አገላብጣ አየችው። «ይኸ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የተላጠው?» አለች። ፀሐይ ነክቶት ይሆናል አልሁ። «ኮምፒውተር ቤት ውስጥ?» ከተተችው። እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ጥቂት አነበበ፤ ቆመ። አውጥታ በነጠላዋ ጠረገችው። ጮኸ፤ ቆመ። አምስት ጊዜ ሞከረች። ተስፋ ቆረጠች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ፊት ማንበብ ያለ ትምህርት ነው የማውቀው።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ አንድ የምታውቀው ሰው አለ፤ ደወለችለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ «ሄሎ» ተባባሉ። ዲስኩ አለው። ነገ ማርያም ናት፣ ሱቁም ዝግ ነው፤ ዓርብ ጠዋት በሹፌር እጅ በደብረ ታቦር በኩል ይልካል።

ዲስክ አገኘሁ ብዬ ልጻፍ? እጄ ሳይገባ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ። ቄሱ «አለባቸው፣ አሁን ዳዊት ትደግማለህ አሉ» አሉኝ። «ገና ነኝ አባ፤ ለጊዜው እየገለጥሁ ነው» አልኋቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ራሴ ቀልጄ ራሴ አለመሳቄ የመጀመሪያዬ ነው።

ማንጠግቦሽ ከሰዓት ገባች፤ እህቷን አስከትላለች። ነጠላዋን ሳታወርድ ጠረጴዛውን አየች።

«ኮምፒውተሩስ?»

«ለጽዳት ሄዷል።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሰው ሊመጣ አይደል? በአቧራው ይሰማ?»

«አንተ ቤቱን በጠረግህ!» አለችና ለእህቷ ዞረች። «አየሽው? ፊደል ከቆጠረ ወዲህ እጁ አያርፍም።»

እህቷ ሳቀች። ማንጠግቦሽም ሳቀች። «እንግዲህ እሑድ ትሰሚዋለሽ» አለቻት፤ «እማየ ብሎ ሲጠራኝ።» ወደ ከብቶቹ ወጣሁ። ከብቶቹ ምንም አልፈለጉም።

ዓርብ፣ ጥር 22

ዲስኩ መጣ። ሹፌሩ በጋዜጣ ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ አመጣው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ነበር።

ስንታየሁ ከተተችው። አልጮኸም። ቁጥሩ ጀመረ። ዛሬ ጮክ ብዬ አላነበብሁም። ሠላሳ ስምንትን አለፈ። ስልሳን አለፈ። ዘጠናን ሲያልፍ ስንታየሁ እጄን ያዘችኝ። መቶ። አጥፍታ አበራችው። ጥቁር። ጥቁር። ከዚያ ብርሃን ሆነ፤ ይበልጣል ያስቀመጠው የጥምቀት ፎቶ ሙሉ ሆኖ ወጣ። እልል አልሁ! ወንድ ልጅ እልል ሲል አይታ ስለማታውቅ ጎረቤት ያለችው ባለ ሱቅ መጥታ አየችኝ። «እኔ ያመጣሁት ዲስክ ነው» አልኋት።

ምልክቷም አለች፤ ከላይ በግራ። «እማየ» ይላል። አሁን አነበብሁት። ሁለት ጊዜ ነካሁት።

ድምፅ የለም። አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ወጣች።

ስንታየሁ ጎንበስ ብላ አየች። «አያ፣ ይኸ በሩ ነው። ቤቱ ሌላ ቦታ ነበር። በሩን ቢከፍቱት ቤቱ የለም።» ቤቱ ምን ይባል እንደነበር አሳየችኝ፤ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተዘበራረቀበት፣ መቅጃው ራሱ ያወጣለት ስም። አየሁት። አውቀዋለሁ። እሑድ ከሰዓት ነቅዬዋለሁ።

ነገርኋት። አረሙን፣ ቅርጫቱን፣ ሁሉንም። በስተመጨረሻ ገብሱንም ጨመርሁ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የጠፋ ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ተኝቶ ይቆያል» አለችኝ። «ማክሰኞ ቢነግሩኝ ኖሮ መጀመሪያ እሱን አወጣ ነበር። አሁን በጥገናው ሰበብ ሦስት ጊዜ ጻፍንበት።»

ሠላሳ ስምንት እያልሁ ስጮህ ማለት ነው። በልጄ ላይ ይጻፍ ነበር፤ እኔ እቆጥር ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ስንታየሁ የጠፋ የሚፈልግ ሌላ ነገር ከፍታ ስትፈልግ አደረች። ጠዋት ሄድሁ። ፎቶ ተገኝቷል፤ የማናውቃቸው ሰዎች ጉርድ ፎቶ፣ ግማሽ ፊታቸው የተበላ። አንድ ድምፅ ተገኘ። ከፈተችው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል፤ መጨረሻው ድረስ ያው ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጥነው።

«ሰኞ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ተስፋ ግን አያድርጉ» አለች።

ማንጠግቦሽ ስንዴ ስታበጥር አገኘኋት። እህቷ ውኃ ወርዳ ነበር። ቆሜ ነገርኋት፤ ሳልቀልድ። ሰፌዱን አላስቀመጠችም። ጨርሼ ስቆም፣

«ቅርጫቱንም ደፋኸው?»

«ደፋሁት።»

ማበጠሯን ቀጠለች። እስካሁን ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። ራት ሰጥታኛለች። ከእህቷ ፊት «ብላ እንጂ» አለችኝ፤ እሱ ለእህቷ ነው።

እሑድ፣ ጥር 24

ሰው መጣ። ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰዉ በላ። የእህቷ ባል «ድምፁን ታሰሙናላችሁ ብለን ነበር» አለ። ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ዞረ። እኔ የሰዉን ኩባያ መሰብሰብ ጀመርሁ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

«መብራት የለም» አለች ማንጠግቦሽ።

አምፑሉ ከራሷ በላይ በርቷል። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዉ ሄደ። እህቷ ጋደም አለች። ማንጠግቦሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ደብተርህን አምጣ።»

አመጣሁ።

«አንደኛ ወጥቻለሁ ስትል አልነበር? ጻፍ።»

ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ ሰምታዋለች፤ ቃል አታስቀርም። ቀስ በይ አልኋት፤ እጄ አይደርስም። ደገመችልኝ። የጻፍሁት ይኸ ነው፦

አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት። ይሰማል? እማየ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ። አይነክስም።

ምን ልበል?

የፈለግሽውን።

በልተሃል?

እማየ! ሰው ማይክሮፎን ላይ በልተሃል ይላል?

ታዲያ አልበላህማ።

እዚህ ላይ ተጣላን። እኔ «እሺ እበላለሁ» አለ አልሁ። እሷ «ቆይ እበላለሁ» ነው ያለው አለች። ልጁን ጠይቀን አንለየው። የእሷን ጻፍሁ።

ቆይ እበላለሁ። አባየ፣ አንተስ ና። ይኸን አንብብልኝ።

መነጽሬን ረሳሁት።

እዚህ ደረስሁና እስክሪብቶው ቆመ። ማንጠግቦሽ ዓይኗን ገለጠች። «ጻፈው እንጂ፤ ይስቅ የለም እንዴ?» ሳቅ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም አልኋት። መምህሩ አላስተማረንም። ሀ ሀ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ የእሱ እንደዚያ አይደለም። ግማሽ ገጽ ባዶ ተውሁለት።

ደብተሩን ወደ ጭኗ ሳበች። ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ባዶው ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ላይ ነው?»

«እዚህ ላይ ነው» አልኋት።