ታምሩ የሰጠኝ ሰባት ፍሬ

የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ታምሩ ዛሬ ከዘጌ ቡና ጭኖ መጣ። ጣሊያን ያለ ይለፍ ወረቀት በቅሎ ስለማያሳልፍ ከክረምት ወዲህ አላየሁትም ነበር። እንደ ልማዱ ሰባት ፍሬ ቆጥሮ እጄ ላይ አደረገና "እትዬ የሺ ይቅመሱልኝ" አለ።

አለመስማቱን ያኔ አወቅሁ። ሚስቴ በኅዳር ወንድሟን ልትጠይቅ ሄዳ፣ አውሮፕላን በጣለው ቦምብ መሞቷን ነገርሁት። ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

ቡና ነጋዴው እኔ ብሆንም ምላሱ የሚስቴ ነበር። ፍሬውን ገል ላይ ትቆላና መንጣጣት ሲጀምር፣ ሳይጠቁር ታወጣዋለች። ከዚያ ዐይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ታኝካለች። ይህ ጥላ ሥር የበሰለ ነው፣ ያኛው በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ ነው ትለኛለች። እሷ ቀምሳ ያላሳለፈችውን ቡና ገዝቼ አላውቅም።

ዛሬ ገሏን ፈልጌ አወጣሁ። እንደ እሷ ቆላሁ፣ ሰባቱንም አኘክሁ። ከመምረሩ በቀር ምላሴ የነገረኝ ነገር የለም። "ጥሩ ነው" አልሁት።

ታምሩ አንገቱን ደፋ። "ጋሼ፣ አንዱን ፍሬ እርጥበት ነክቶት ነበር" አለ። "ሁልጊዜም ሆን ብዬ አንድ እንዲህ ያለ እቀላቅላለሁ። እትዬ የሺ አንድም ቀን ስተውት አያውቁም። ሲያገኙት ይስቁ ነበር።"

እኔ ደጅ ቡና ስመዝን ሳቋን እሰማ ነበር። ምን አሳቀሽ ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም።