የአቶ ክሊዮፈስ ዋርድሎና የሁለት መቶ አሥራ ሰባት ዘንጎቻቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ክሊዮፈስ ዋርድሎ ከአባታቸው ከአቶ ኢዛያ ዋርድሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዊሊ ሜ ስታላርድ፣ በአላባማ ግዛት በቴነሲ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኮልፋክስ ላንዲንግ፣ ማርች 9 ቀን 1951 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ይህንንም በሄዱበት ሁሉ ሳይጠየቁ ይናገሩ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ጁኒየስ ተወለደ። ይህን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። ጸሐፊው ሟቹን ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንድም ቀን አላነጋገራቸውም፤ አድማጭ ይህን ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያን ጊዜ ለጥቁር ልጆች በተለየው ትምህርት ቤት ገብተው በ1969 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ መምህራኑም መስክረውላቸዋል። አባታቸው ለእራት የሚሆን ዓሣ የሚያጠምዱባቸው ሁለት ዘንጎች ነበሯቸው። አቶ ክሊዮፈስ በአሥር ዓመታቸው ወደ ወንዙ ወርደው ሁለቱን ሲመዝኑና ሲያጎብጡ ከዋሉ በኋላ፣ በግራ ያለው ከቀኙ እንደሚበልጥ ለአባታቸው አስታወቁ። አባታቸውም ዓሣውን እያጸዱ «ልጄ፣ ዓሣው እኮ የያዝከውን ዘንግ አያየውም» አሏቸው። አባታቸው ልክ ነበሩ። አቶ ክሊዮፈስ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አላመኗቸውም።

ከ1970 ጀምሮ በወረቀት ፋብሪካ ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ከሥራ ቀርተው አያውቁም፤ በዚህ ረገድ ጸሐፊው የሚያወጣላቸው እንከን የለም። በጁን 1975 ከወይዘሮ ቨርኔታ ሲምስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ለጫጉላ ሙሽሪትን ወደ ሜምፊስ ወሰዷቸው። በሜምፊስ ትልቅ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መደብር መኖሩን ወይዘሮ ቨርኔታ ያወቁት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። የጫጉላውን ሦስት ቀን መደብሩ ውስጥ ቆመው ዋሉ።

በኖቬምበር 1979 ልጃቸው ሻንድራ ተወለደች። አቶ ክሊዮፈስ በዚያ ሰዓት በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል፣ የዘንጉን ክር የሚጠቀልሉ ሁለት ማጠንጠኛዎች ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ አንደኛውን ገፋ አድርገው እያሽከረከሩ ስንት ሰከንድ እንደሚዞር ይቆጥሩ ነበር። ነርሷ ወጥታ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሴት ልጅ ናት!» ብትላቸው «አንዴ ቆዪ፣ እየቆጠርኩ ነው» አሏት። ነርሷ እስከዛሬ ይህን ትናገራለች። ሻንድራ በ1997 ለኮሌጅ ከቤት በወጣች በማግስቱ አልጋዋ ፈርሶ በምትኩ ግድግዳው ላይ የዘንግ መስቀያ ተመታ።

አቶ ክሊዮፈስ ባስ የሚባለውን ባለ ሰፊ አፍ ዓሣ ይወዱ ነበር ተብሎ በአጥማጆች ክበባቸው መግለጫ ላይ ተጽፏል። ስሕተት ነው። የሚወዱት ባስ የሚያዝበትን ዕቃ ነው። ሲያርፉ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ዘንግና መቶ ስድሳ ማጠንጠኛ ነበራቸው። ዘንጎቹ በሳሎኑ፣ በኮሪደሩና ከአልጋው ሥር ተደርድረው ስለነበር ወይዘሮ ቨርኔታ አርባ ዓመት ሙሉ ቤታቸውን በግማሹ ነው የጠረጉት። ማጠንጠኛዎቹ ላይ በመርፌ ጫፍ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጆሯቸው ያዳምጧቸዋል። በዘመድ ስብሰባ ላይ የመጣውን ሰው ዓይኑን አስጨፍነው በሁለት እጁ ሁለት ዘንግ ያስይዙና «የቱ ይቀላል?» ይሉታል። የተሳሳተ ሰው ምሳውን በሰላም አይበላም። የራሳቸውን ምርጥ ዘንግ ግን ለማንም አያስነኩም ነበር፤ አይታችሁ እለፉ ነው።

በ1988 «የማለዳ ኮከብ» የባስ አጥማጆች ክበብን ከዲያቆን ሮስኮ ቲልማን ጋር መሠረቱ። ክበቡ በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ ዘንጎችን ያወዳድራል። አወዳዳሪው አቶ ክሊዮፈስ ናቸው፤ ሌላ ሰው ተሞክሮ አያውቅም። ውጤቱ በክበቡ ጋዜጣ ይታተምና በሦስት አውራጃዎች ባሉ የማጥመጃ ዕቃ ሱቆች ይበተናል። በእነዚህ ሱቆች አቶ ክሊዮፈስ ያላመሰገኑት ዘንግ አቧራ ይጠጣል።

ታናሽ ወንድማቸው ጁኒየስ ከ1998 ጀምሮ በጓሮው ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ዘንግ በእጁ ይሠራ ነበር። የመያዣውን ቡሽ ራሱ ይሞርዳል፤ ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በአረንጓዴና በቢጫ ክር እየጠመጠመ ያስራል፤ ቫርኒሹ እስኪደርቅ በየሩብ ሰዓቱ ያዞረዋል። አንዱ ዘንግ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በ2004 ሠላሳ አንደኛውን ዘንጉን ለውድድር ሰጠ። ይህቺ ዘንግ መንጠቆ ላይ ለሚሰካ ቀላል የላስቲክ ትል የተሠራች ናት፤ ባሱ ትሉን ገና በከንፈሩ ሲነካው ክንድ ላይ ታሰማለች። ጁኒየስ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የሚበልጣት አልሠራም።

አቶ ክሊዮፈስ ግን ለውድድሩ የቀረቡትን አሥራ አንዱንም ዘንግ የፈተኑት ክሩ ጫፍ ላይ በሚታሰር በአንድ ዓይነት የዓሣ ማባበያ ነበር፤ ከእንጨት የተጠረበና ወደ ጥልቅ የሚወርድ ከባድ ነገር ነው። ሁሉን በአንድ ዕቃ መዳኘት ፍትሕ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሽንኩርት ቢላን እንጨት ፈልጥ ብሎ እንደመፈተን ነው። ዘንጓ ጎበጠች፤ ማባበያውም ጀልባው አጠገብ ወደቀ። ሰዉ ሳቀ። ጋዜጣው ላይ የወጣው ፍርድ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «አሥራ አንደኛና መጨረሻ፣ የጁኒየስ ዋርድሎ ዘንግ። ለቲማቲም ድጋፍ ይሆናል።»

ጁኒየስ በማግስቱ ዘንጓን ይዞ ወንድሙ ቤት ሄደ። «ክሊዮ፣ ማባበያው እኮ ለሷ አይሆንም። በላስቲክ ትል አንዴ ብቻ ሞክራት» አለ። አቶ ክሊዮፈስ ዘይት ከሚቀቡት ማጠንጠኛ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ «ደንብ ደንብ ነው። ወንድሜ ስለሆንክ አላዳላልህም» አሉት። ክበቡ ይህን ሲሰማ አጨበጨበላቸው። አድልዎ የሌለበት ሰው ተባሉ። ጁኒየስ ዘንጓን እዚያው ጥሎ ወጣ፤ ያንን ደጃፍም ዳግም አልረገጠም።

ከዚያ ወዲያ ዘንግ የሚያሠራ ሰው ጠፋ። ያዘዙትም ቀሩ። ጁኒየስ ፀጉር ቤት ሲገባ «ቲማቲም መጣ! ለቲማቲም ወንበር ልቀቁ!» ይባላል። በ2005 ሱቁን ዘግቶ የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ገባ፤ እዚያም ስሙ ቀድሞት ደርሶ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አጥንት ሲለይ ኖሮ ጣቶቹ ዛሬ የሸሚዝ ቁልፍ በግድ ነው የሚቆልፉት። ክር መጠምጠም አይችሉም።

በዚያው በ2005 አቶ ክሊዮፈስ ለውድድሩ «ቀላል ማባበያ» የሚል አዲስ ምድብ ከፈቱ። ለምን እንደከፈቱት አላስረዱም። በዚያ ምድብ ከዚያ ዓመት እስከ መጨረሻው አንደኛ የወጣው ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ በቴሌቪዥን የሚታወቅ ፋብሪካ ምልክት የተለጠፈበት የራሳቸው ዘንግ ነበር። በዚሁ ዘንግ በክበቡ የዓሣ ማጥመድ ውድድር አራት ዋንጫ ወስደዋል። በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ባለው ፎቶግራፍ ትልቁን ባስ አንጠልጥለው ሲስቁ በሌላ እጃቸው የያዙትም እሱ ነው።

በ2020 ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሲሄዱ አንድ ማጠንጠኛ ይዘው እየገቡ፣ ነፃ በሆነው እጃቸው ሲያሽከረክሩ ይውሉ ነበር። አጠገባቸው ይተኙ የነበሩ አንድ አዛውንት ቦታ እንዲቀየርላቸው ጠይቀዋል። ወይዘሮ ቨርኔታ ሳይሰለቹ አስታመዋቸዋል። ኦክቶበር 11 ቀን 2023፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

ሐሙስ ዕለት ክበቡ አቶ ክሊዮፈስ «አንደኛ» ከሚሉት ዘንግ ጋር እንዲቀበሩ ጠየቀ። ወይዘሮ ቨርኔታም ከሁለት መቶ አሥራ ሰባቱ ውስጥ የቱ እንደሆነ የሚለይልኝ ሰው አጣሁ ብለው ወደ ጁኒየስ ደወሉ። ጁኒየስ ገባ። ጥቁሩን ዘንግ ከመስቀያው አነሳው። ገና ሲያነሳው አወቀው። ሰው የራሱን ልጅ በጨለማም ቢሆን በክብደቱ ያውቀዋል።

ምልክቱን በጥፍሩ ላጠው። ሥሩ «ጁ. ዋ. 31» ይላል። ጥቁሩን ቀለም ፋቀው፤ አረንጓዴና ቢጫ ክር ወጣ። አቶ ክሊዮፈስ በ1978 የግራ እጃቸውን የመሐል ጣት የወረቀት ማሽን ወስዶባቸዋል፤ ሲያጠነጥኑ ዘንጉን የሚይዙት ደግሞ በግራ ነው። ቡሹ ላይ የሦስት ጣትና የአውራ ጣት ቦታ ጠቁሮ፣ ጎድጉዶ፣ በመሐሉ አንድ ጣት የሚያህል ንጹሕ ቡሽ ቀርቷል። እንዲህ የሚሆነው በአንድና በሁለት ዓመት አይደለም። በሌሎቹ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ዘንጎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጁኒየስ አንድ በአንድ አይቷቸዋል።

ወይዘሮ ቨርኔታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አውቅ ነበር» አሉ። «የዚያን ዓመት በመከር ብቻውን ወርዶ በትል ሞከራት። ሲመለስ እራት አልበላም። ከዚያ እዚሁ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ቀለም ቀባት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደጄን አልረገጥክም። እሱንማ ለምን ወንድምህን ጠርተህ አትነግረውም አልኩት። ‹ጋዜጣው ላይ ወጥቷል እኮ፣ ቨርኔታ› አለኝ።»

ይህን ጊዜ ጁኒየስ ተቀመጠ። ወንድሜ አልተሳሳቱ ይሆናል ብሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራሱን ሲጠራጠር ኖሯል። ሱቁን የዘጋው በሳቁበት ሰዎች ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ዘንግ በእጁ ያለፈ ታላቅ ወንድሙ ካለ እውነት ይሆናል ብሎ ነው። ወንድሙ ግን በዚያው ዓመት እውነቱን አውቀዋል። አውቀውም በየቅዳሜው በእጃቸው ይዘውት ወንዝ ወርደዋል፤ ተመስግነውበታል፤ የወንድማቸውንም ስም በፋብሪካ ምልክት ሸፍነዋል። መሳሳታቸውን ጁኒየስ ይቅር ማለት በቻለ ነበር። ቀለሙን ነው ያልቻለው።

ዲያቆን ሮስኮ ይህ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን እንዳይነበብ ለመኑ። «ወንድም ጁኒየስ፣ ሰውየው ሞቷል፤ ልቀቀው» አሉ። «እኔ እሱን መች ያዝኩት? ዘንጌን ነው የያዝኩት» ተባሉ። ወይዘሮ ቨርኔታም «ጻፈው። ሻንድራ ታነበዋለች» አሉ። ሻንድራም እነሆ እያነበበች ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጣችሁ የክበቡ አባላት ሆይ፦ በአቶ ክሊዮፈስ ምስክርነት የዚያን ፋብሪካ ዘንግ ያልገዛ ከመካከላችሁ የለም። ዲያቆን ሮስኮ ሁለት ገዝተዋል። «እንዳንተ አይሰማኝም፣ ክሊዮ» ስትሏቸው «የናንተ እጅ ነው» ይሏችሁ ነበር። እጃችሁ ደኅና ነው። የሳቃችሁበት ዘንግ ነበር የሚያሸንፋችሁ።

ጥያቄያችሁ ግን ተፈጽሟል። ዲያቆን ሮስኮ ከሁለቱ አንዱን ሰጥተው፣ እውነተኛው የፋብሪካ ዘንግ በሣጥኑ ውስጥ በአቶ ክሊዮፈስ ቀኝ ተኝቷል። ለአሥራ ስምንት ዓመት የመሰከሩለትን ይዘው ይሄዳሉ። ሠላሳ አንደኛዋ ዘንግ እዚህ መድረኩ አጠገብ ቆማለች፤ ከቀብር መልስ በአዳራሹ የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ ሲቀርብ፣ መንካት የሚፈልግ ሁሉ ይንካት።

አቶ ክሊዮፈስ ዋርድሎ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቨርኔታ፣ ከልጃቸው ከሻንድራ፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ከታናሽ ወንድማቸው ከዘንግ ሠሪው ከጁኒየስ ዋርድሎ በሞት ተለይተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ በደላቸውንም ይቅር ይበላቸው። እኔ ገና ነኝ።