ከበሮው ሳይገባ

ጥር 5፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ ልብስ አጥቤ መግባቴ ነው። ጣቴ ገና አልሞቀም፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ እያልኩ ከትናንት ጀምሮ እፈራለሁ። እሺ። እህቴ ዘርፌ ላይ ክፉ መንፈስ አለ ሲሉ አላምንም። ይኸው አልኩት። ለሰው አልተናገርኩም።

ዘርፌ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድምፅ ያማታል። የባጃጅ ጥሩንባ፣ ወፍጮ ቤት፣ ድስት በማንኪያ ሲፋቅ። ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ሲብስባት እጇን ትነክሳለች። ጤ/ጣቢያ አሳየናት፣ ጆሮዋ ደህና ነው አሉ። እናቴ ደስ ብሏት ተመለሰች። አክስቴ የሺ ግን ጆሮዋ ደህና ከሆነማ የሚጮኸው ሌላ ነው አለች። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት መዝሙር ሲከፍቱ ዘርፌ አልጋ ስር ገባች። በቃ። አክስቴ እጇን አጨብጭባ፣ መዝሙር የሚሸሽ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል አለች። አባቴ አልተቃወማትም። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ጥር 7፣ ጠዋት

ሐሳብ መጣልኝ። ከበረት አዛባ ስዝቅ ነው የመጣልኝ። የምትሸሸው መዝሙር ስለሆነ ከሆነ፣ ዘፈን ሊስማማት ነው። ዘፈንም ከሸሸች ግን ነገሩ መንፈስ አይደለም።

ስልኬ ላይ አንድ የባላገር ዘፈን አለ። ዳንግላ ሙዚቃ ቤት ከሌሎቹ ጋር የጫኑልኝ፣ የማን እንደሆነ አላውቅም። ሰውዬው ወንዝ ሞልቶ ከብቶቹ ማዶ ቀርተውበት በየስማቸው ይጠራቸዋል። እናቴ ገበያ ስትሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩላት።

ማሲንቆው ብቻውን ሲጀምር፣ ጸጥ። አገጯን ጉልበቷ ላይ አደረገች። የሰውዬው ድምፅ ሲገባ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ላሞቹን አብራው ትጠራለች። ደስ ብሎኝ ልሞት። ጭብጨባው ሲመጣ ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣ። ከበሮው ሲገባ ጆሮዋን ያዘች። እልልታው ላይ ጮኸች። ዘጋሁት።

ያው ነው ደብተሬ። መዝሙሩም ላይ ከበሮ አለ፣ ዘፈኑም ላይ ከበሮ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ጥር 8

ዛሬም ሞከርን። ስልኩን ትራስ ስር ሳደርገው ከበሮው ይለዝባል፣ ግን ከሥር ይነዝራል፣ እሱን ትጠላዋለች። ድምፁን በጣም ስቀንሰው ደግሞ ማሲንቆው ጠፍቶ ከበሮው ብቻ ይቀራል። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ጭብጨባውን ግን፣ ሊመጣ ሲል ክንዷን ቀስ አድርጌ ስነካት ቻለችው። እየመጣ መሆኑን ስላወቀች ይመስለኛል። እልልታው በምንም አይሆንም። እልልታ ሳይነግር ነው የሚመጣ።

እንግዲህ ዘፈኑ እንደሷ ላለ ሰው እስከ ከበሮው ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ መዝጋት። ከበሮው ሳይገባ ዘግቼ ከመጀመሪያው ስመልሰው፣ እትዬ ላሞቹን ድገሚልኝ አለችኝ። ዘርፌ ድገሚልኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ጥር 12

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ትናንት ታቦቱ ሲመለስ እናቴና እኔ ዘርፌን ይዘን ቤት ቀረን። በር ዘጋን፣ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ዘንድሮ ግን ሰልፉ በኛ መንገድ አለፈ። ከበሮው ደጃችን ሲደርስ ዘርፌ ከእጄ አመለጠች። ወደ ጓሮ የሮጠች መስሎኝ ነበር፣ ሰው መሐል ገባች። ተከበበች። የጮኸችውን አልነግርሽም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ መንፈሱ ሊወጣ ነው ብለው። እልል ባሉ ቁጥር ባሰባት። እኔ እልልታውን ተዉት ማለት ነበረብኝ። አፌ አልከፈት አለ።

አባቴ ተሸክሟት ገባ። በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ማታ ተነገረን። ከጥሊሊ ወዲያ ያለው ጸበል ትወሰዳለች፣ አክስቴ የሺ አብራት ሆና እስከ ፋሲካ ትቆያለች። ደብተሬ፣ እዚያ ሞንታርቦ አለ። ቀኑን ሙሉ መዝሙር፣ ከበሮ፣ የታመመ ሰው ጩኸት። ጸበሉን አልፈራም። ሞንታርቦውን ነው። እስከ ፋሲካ እጇን ነክሳ ትጨርሰዋለች።

ጥር 14

ነገርኳቸው። አባቴ ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አክስቴ ሳቀች።

«ዛሬ አፍ አወጣሽ? ደግሞ ሐኪም ሆነሽ መጣሽ?»

ዘፈኑን ከፈትኩ። ማሲንቆው ላይ ዘርፌ ጸጥ አለች። ላሞቹን ጠራች። ከበሮው ሲገባ ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች። ይኸው፣ አልኩ፣ ዘፈኑም ነው፣ መዝሙር ስለሆነ አይደለም።

አክስቴ ወደ አባቴ ዞረች። «አየህ ወንድም ዓለም? ለመዝሙርም ለዘፈንም የማይበገር። ይሄስ ብርቱ ነው።»

አለቀ። ያለኝ ነገር ያ ብቻ ነበር። ይባስ ብዬ እነሱ ፊት አስለቀስኳት። እናቴ በአፍ መፍቻዋ በአዊኛ ልጄን ብላ ጀመረችና ተወችው። አባቴ ብቻ ማሲንቆው ላይ ዝም ብላለች አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አባዬ አልኩት። መሬት መሬቱን አየ። ቢሆንም እንሄዳለን አለ።

ጥር 16፣ ማምሻ

ጉዞው ነገ ጠዋት ነው። ልብሷን እኔ ነኝ የቋጠርኩት። ቀን ላይ ከቤታችን ጀርባ ያለው የዛፍ ጥሻ ውስጥ ልደብቃት አስቤ ነበር። ከዚያስ? ለዛሬ ነው እንጂ ለነገ የት አደርሳታለሁ። አክስቴ ትቅር እኔ ልቆይ አልኩ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ ተባልኩ። ዕቃ አድርሰሽ ከአባትሽ ጋር ትመለሻለሽ አሉኝ። እሺ አልኩ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምል።

ዘርፌ የት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ጸበል አልኳት። ከበሮ አለ ወይ አለች። መዋሸት አቃተኝ። አለ ስላት ጆሮዋን ያዘች፣ ምንም ድምፅ ሳይኖር።

ስሚኝ ደብተሬ። እኔ ባጃጅ ውስጥ ወራጅ ማለት አፍሬ ቤቴን አልፌ የምሄድ ሰው ነኝ። ነገ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩን ቴፑን ዝጋው እለዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ቢያየኝም። እዚያ ስንደርስ አጥማቂውን ቄስ ፈልጌ ጫማቸው ላይ ወድቄም ቢሆን ከሞንታርቦው ራቅ ያለ ማደሪያ ይስጡን እላቸዋለሁ። ጸበሉን ጠዋት፣ ከበሮው ሳይጀመር ያጥምቋት እላለሁ። እምቢ ቢሉ በማግስቱም እጠይቃቸዋለሁ።

አባቴ በይ ተነሽ እንመለስ ሲለኝ አልነሳም። ዘርፌን ይዤ እቀመጣለሁ።